ተጠባባቂው ሲጠራ፦ ስለ አሜሪካ ፉትቦልና ስለ ሁለተኛው ኳርተርባክ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፦

እናንተ በኢትዮጵያ ሳላችሁ «ፉትቦል» ሲባል በእግር የሚመታውን ኳስ ማለት ነበር። እዚህ እስራኤል ግን ያ ጨዋታ በዕብራይስጥ ካዱረጌል ይባላል፤ ፉትቦል የሚባለው የአሜሪካኖቹ ነው። ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ያደርጋሉ፣ ኳሱም እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ስታዩት «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ድብድብ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ድብድብ ይመስላል። እኛ የቅርስ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ጽሑፍ ጨዋታውን በአጭሩ ካስረዳን በኋላ፣ በጨዋታው ውስጥ ስላለ አንድ ሰው ልንነግራችሁ እንፈልጋለን። ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሁለተኛው ኳርተርባክ ነው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከአንዱ የግብ መስመር እስከ ሌላው የግብ መስመር 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ይረዝማል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት እንደገና አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለተቃራኒው ቡድን ይሆናል። ኳሱን ይዞ በተቃራኒው ቡድን በኩል ካለው የመጨረሻ መስመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ ጨዋታው መሬት የመያዝ ትግል ነው፤ በአንድ በኩል ያለው ይገፋል፣ በሌላ በኩል ያለው ይከላከላል።

ኳርተርባክ የሚባለው የሚገፋው ወገን መሪ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ሲጀመር ኳሱ ወደ እሱ እጅ ይመጣል። ከዚያ ለሯጭ ይሰጠዋል፣ ወይም ሩቅ ላለ ጓደኛው ይወረውርለታል፣ ወይም ራሱ ይዞት ይሮጣል። ከ1994 ጀምሮ አሰልጣኙ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ሬዲዮ እንዲያነጋግረው ተፈቅዷል። ነገር ግን ሙከራውን ለመጀመር 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ብቻውን ነው። ግዙፍ ተከላካዮች ሊጥሉት እየሮጡ ሲመጡ፣ በሦስት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ማየት፣ መወሰንና መወርወር አለበት።

የተጠባባቂው ሥራ

በዚህ ጨዋታ ሌሎች ተጫዋቾች በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ አንዱ ደክሞት ሲወጣ ሌላው ይገባል። ኳርተርባኩ ግን ጤነኛ እስከሆነና በደንብ እስከተጫወተ ድረስ አይቀየርም። ስለዚህ ሁለተኛው ኳርተርባክ አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ያም ሆኖ ሥራ ፈት አይደለም። የመጀመሪያው የሚያጠናውን ሁሉ ያጠናል፤ የቡድኑን ዘዴዎች በየስማቸው በቃሉ ይይዛል፤ የተቃራኒውን ቡድን ጨዋታ በፊልም ደጋግሞ ያያል።

ከባዱ ነገር ልምምዱ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ከዋናዎቹ ተጫዋቾች ጋር አብዛኛውን ልምምድ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ የሚቀጥለውን ሳምንት ባለጋራ መምሰል ነው። የባለጋራውን ኳርተርባክ አወራወርና አካሄድ እያስመሰለ የራሱን ቡድን ተከላካዮች ያለማምዳል። ማለትም ሌላ ሰው ሆኖ ይለማመዳል፤ የራሱን ጨዋታ የሚለማመድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በድንገት ሲገባ ደግሞ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ያስቸግራሉ። ጓደኞቹ ድምፁን አልለመዱትም። ሙከራው የሚጀመረው በእሱ ጥሪ ስለሆነ፣ ጥሪውን ተሳስተው ቀድመው የተንቀሳቀሱ እንደሆነ ቡድኑ 5 ያርድ ወደ ኋላ ይቀጣል። የኳሱ አመጣጥም ከለመዱት ይለያል፤ የሚቀበለው ሰው እጁን መቼ እንደሚዘረጋ ይቸገራል። እናንተ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትሉት ለዚህ ነው። ተጠባባቂው የሚታጠቀው ማንም በማያየው ሰዓት ነው።

በ2001 የሆነው

ከዚህ ዓይነት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው በአሜሪካ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን ላይ የደረሰው ነው። የዚህ ቡድን ባለቤት ከ1994 ጀምሮ ሮበርት ክራፍት የሚባሉ አይሁዳዊ ናቸው። በኢየሩሳሌም በቤተሰባቸው ስም የተሰየመ የፉትቦል ሜዳ አለ፤ በ2017ም በዚያው ከተማ ትልቅ የስፖርት ማዕከል በስማቸው ተከፍቷል።

የቡድኑ ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ ነበር። በአሜሪካ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፤ ብሌድሶ በ1993 ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ ነው። በመጋቢት 2001 ለ10 ዓመት 103 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈርሞ ነበር። ከጀርባው የቆመው ወጣት ቶም ብሬዲ ይባላል። ብሬዲ በ2000 ሲመረጥ 199ኛ ነበር፤ ማለት ከእሱ በፊት 198 ሰዎች ተጠርተዋል። በመጀመሪያው ዓመት በቡድኑ ውስጥ አራተኛ ኳርተርባክ ነበር። በዚያ ዓመት የገባው በአንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ወርውሮ የተያዘለት አንዱ ነው። ሆኖም እየሠራ ቆይቶ በ2001 ክረምት ወደ ሁለተኛው ቦታ ደረሰ።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2001 ፓትሪየትስ ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር ተጫወቱ። ሴፕቴምበር 11 በአሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ጨዋታ የተጀመረበት የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ወደ ጨዋታው መጨረሻ ብሌድሶ በሜዳው ዳር ሲሮጥ፣ ሞ ሉዊስ የተባለ ተከላካይ በኃይል መታው። ተነሥቶ ለጥቂት ጊዜ ተጫወተ፤ ነገር ግን ደህና እንዳልሆነ ስለታየ ብሬዲ ገባ። ጨዋታው 10 ለ 3 በሽንፈት አለቀ። ብሌድሶ ሆስፒታል ሲደርስ ደረቱ ውስጥ የደም ሥር ተበጥሶ ደም እየፈሰሰ መሆኑ ተገኘ፤ ሕይወቱም ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ሁለቱንም ተሸንፏል፤ መሪውም ሆስፒታል ተኝቷል።

የመጀመሪያው ጨዋታ

ብሬዲ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሰለፈበት ጨዋታ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2001 ሆነ። ባለጋራው ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በሁለቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎቹ 45 እና 42 ነጥብ አግኝቶ ያሸነፈ ነበር። የእነሱ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ በ1998 አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ነው። በአንድ በኩል አንደኛው፣ በሌላ በኩል 199ኛው ቆሙ።

ፓትሪየትስ 44 ለ 13 አሸነፉ። ይህን የሰማ ሰው «ወጣቱ ተአምር ሠራ» ይል ይሆናል። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ብሬዲ 23 ጊዜ ወርውሮ 13ቱ ተይዘውለታል፤ በጠቅላላው 168 ያርድ ነው። በውርወራው አንድም የ6 ነጥብ ግብ አላስቆጠረም። በአንጻሩ አንድም ኳስ ለጠላት አልሰጠም። የእሱ ተከላካዮች የማኒንግን ኳስ ሦስት ጊዜ ነጠቁ፤ ከእነዚህ ሁለቱን እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠው ነጥብ አደረጓቸው። ሯጮቹም መሬቱን እየገፉ ሸክሙን ተሸከሙለት።

እኛ ከዚህ ጨዋታ የተረዳነው ይህንን ነው። አዲስ ሰው በገባ ቀን ሁሉም የየራሱን ሥራ ጨምሮ ይሠራል። በገጠር አባት ሲታመም እርፍ የሚጨብጠው ልጅ በመጀመሪያው ቀን እንደ አባቱ እንዲያርስ የሚጠብቅ የለም። በሬዎቹን እንዳያስደነግጥ፣ ትልሙን እንዳያበላሽ ብቻ ይጠበቃል፤ ጎረቤትም መጥቶ ያግዘዋል። ከብሬዲም በዚያ ቀን የተፈለገው ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በማያሚ 30 ለ 10 ተሸነፉ። ማንም ያን ጊዜ ይህ ወጣት ሰባት ጊዜ የዋንጫ ባለቤት ሆኖ በ2023 ጨዋታ ያቆማል ብሎ አልገመተም። ነገሩ ቀስ በቀስ፣ ጨዋታ በጨዋታ የመጣ ነው።

ቦታውን ያጣው ሰው

ስለ ብሬዲ ብዙ ተነግሯል። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን የብሌድሶ ነገር ነው። በኖቬምበር ሐኪሞች «ድነሃል፣ መጫወት ትችላለህ» አሉት። አሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ግን በብሬዲ ለመቀጠል ወሰነ። ብሌድሶ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ በመታመሙ ብቻ ቦታውን አጣ። እንዳልተደሰተ አልደበቀም፤ ሰው ነውና። ነገር ግን ቡድኑን ትቶ አልሄደም፤ ልምምዱንም አላቋረጠም፤ እሱን የተካውን ወጣትም ረዳው። ለስምንት ዓመታት መሪ የነበረ ሰው አሁን ተጠባባቂ ሆነ።

ጃንዋሪ 27 ቀን 2002 ፓትሪየትስ ለመጨረሻው ዋንጫ ለማለፍ በፒትስበርግ ከስቲለርስ ጋር ተጫወቱ። በጨዋታው አጋማሽ አካባቢ ብሬዲ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳና ወጣ። ከሴፕቴምበር ወዲህ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተው ብሌድሶ ተጠራ። ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ልክ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በሜዳው ዳር ተመታ። ተነሣ። ወዲያውም ለዴቪድ ፓተን 11 ያርድ ወርውሮ የ6 ነጥብ ግብ አስቆጠረ። ቡድኑ 24 ለ 17 አሸነፈ።

ከሳምንት በኋላ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2002 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውል በሚሉት፣ ብሬዲ ተመልሶ ተሰለፈ። ሴንት ሉዊስ ራምስን 20 ለ 17 አሸነፉ፤ አዳም ቪናቲየሪ ከ48 ያርድ የመታው ኳስ ሰዓቱ ሲያልቅ ገባ። ያን ዋንጫ ብሬዲ አነሣው። ይሁን እንጂ ብሌድሶ በፒትስበርግ ተዘጋጅቶ ባይገኝ ኖሮ ወደዚያ ለመድረሳቸው ማን ዋስትና ይሰጥ ነበር? በሚቀጥለው ኤፕሪል ብሌድሶ ወደ ቡፋሎ ቡድን ተዛወረ።

ተጠባባቂ የሌለው ቡድን ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በጃንዋሪ 2023 ሳን ፍራንሲስኮ በፊላደልፊያ ሲጫወት የመጀመሪያው ኳርተርባክ ክርኑን፣ የተካው ደግሞ ራሱን ተጎዳ። የመጀመሪያው መወርወር ሳይችል ተመልሶ ለመግባት ተገደደ፤ ቡድኑም 31 ለ 7 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ለክፉ ቀን የሚሆን ሦስተኛ ኳርተርባክ እንዲኖር ተፈቀደ።

ለእናንተ ልንል የፈለግነው

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በትምህርት፣ በሠራዊት፣ በሥራም ተራችንን የምንጠብቅ ነን። «ለምን አልጠሩህም? ለምን ሌላው ቀደመህ?» ብላችሁ ስትጨነቁልን እናውቃለን። ጭንቀታችሁ ከፍቅር ነው። ነገር ግን ያልተጠራ ሁሉ የተናቀ ወይም የሰነፈ አይደለም። «ተጠርተሃል ወይ?» ከማለት ጋር «ተዘጋጅተሃል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁን። ለዚህኛው ጥያቄ መልሱ በእጃችን ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ እናንተ ነው፤ በድፍረት አትቁጠሩብን። በኢትዮጵያ ሳላችሁ እርሻው፣ ዕደ ጥበቡ፣ ምክሩ፣ እርቁ በእናንተ እጅ ነበር። እዚህ ግን በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው ልጅ ነው፤ በቢሮ ፊት ቆሞ የሚናገረውም ልጅ ነው። ያለ ምንም ጥፋታችሁ፣ አገርና ቋንቋ ስለተለወጠ ብቻ፣ የፊቱን ቦታ ለልጆቻችሁ ለቀቃችሁ። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ዝም ስትሉም እንደሚሰማችሁ አሁን አሁን እየተረዳን ነው።

ብሌድሶ በፒትስበርግ የገባው ወጣቱ ሲወድቅ ነው። እኛም የምንወድቅበት ቀን ይመጣል፤ ዕብራይስጥ ብቻ የማይፈታው ነገር ይገጥመናል። ሁለት ወንድማማቾች ሲጣሉ፣ ሐዘን ቤት ስንገባ፣ ማን እንደሆንን ሲጠፋብን የሚያስፈልገን የእናንተ ልምድ ነው። ስለዚህ «እኛማ አልፎብናል» ብላችሁ ከሜዳው አትራቁ። ቅርብ ሁኑልን፤ ስንጠራችሁም ግቡልን። እኛም በጊዜው መጥራትን እንማራለን።

 

የቅርስ ክፍል ተማሪዎች