የጫጩት ቤት ጉዝጓዝ፦ ጤናማውንና ወጪ ቆጣቢውን እንዴት እንምረጥ?

ጌታችን በቅዱስ ወንጌል ለሕዝቡ ያለውን ፍቅር ሲገልጥ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች የምትሰበስብ ዶሮን ምሳሌ አድርጓል። በአጥቢያዎቻችን የገቢ ማስገኛ ፕሮጀክቶች የምናሳድጋቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች ግን እናት የላቸውም። ሙቀትን ከመብራት ወይም ከሌላ የሙቀት ምንጭ ያገኛሉ፤ የሚተኙትም ወለሉ ላይ በተነጠፈው ጉዝጓዝ ነው። ጉዝጓዙ ደረቅና ንጹሕ ካልሆነ መኖና ክትባት ብቻቸውን ጫጩትን አያድኑም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በአንድ የገጠር አጥቢያ ያየሁት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በተዘዋዋሪ ብድር 100 ጫጩቶች ገዙ። በመጀመሪያው ሳምንት 31ዱ ሞቱ። ወጣቶቹ ጥፋቱን በሻጩ ላይ አደረጉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከሞቱት ጥቂቶቹን ሲከፍት ግን ከአንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት በሰጋቱራ ተጠቅጥቆ ተገኘ። ሰጋቱራውን ከእንጨት ቤት በነጻ ነበር ያመጡት። የፕሮጀክቱን በጀት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ለመኖ፣ ለመድኃኒትና ለመጠጫ ዕቃ ገንዘብ ስይዝ ለጉዝጓዝ አንዲት ብር አልያዝሁም። በነጻ የተገኘውን ቢያነጥፉ አይፈረድባቸውም። ዕዳው ግን የቀረው በእነርሱ ላይ ነው።

ጉዝጓዝ ምን ይጠቅማል?

ጥሩ ጉዝጓዝ እርጥበትን ይመጥጣል፣ የወለሉን ቅዝቃዜ ይከላከላል፣ በተበላም ጊዜ አይጎዳም። ጉዝጓዝ ሲረጥብ ከኩሱ አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ይህም የጫጩቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ደም የተቀላቀለበት ቅዘን የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስም የሚስፋፋው በሞቀና በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ነው።

ከአካባቢያችን ምን እንምረጥ?

የእንጨት ፍቅፋቂ፦ አናጺ እንጨት ሲልግ የሚወድቀው ቀጭን ልጣጭ ከሁሉ የተሻለ ነው። እርጥበትን በደንብ ይመጥጣል፤ ለመዋጥም ያስቸግራል። ነገር ግን ቀለም ከተቀባ፣ የምስጥ መድኃኒት ከተነከረ ወይም ከተጣበቀ ጣውላ የወጣ እንዳይሆን አናጺውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ጠንካራ ሽታ ያለው የጽድ ፍቅፋቂም ለጫጩት መተንፈሻ አይስማማም።

የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ፦ በብዙ አጥቢያዎች በቀላሉ ይገኛል። ረጅሙ ገለባ ተጋግሮ ስለሚረጥብ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ መከተፍ አለበት። ዝናብ የመታው ወይም የሻገተ ጭድ ሳንባን የሚያጠቃ የሻጋታ በሽታ ስለሚያመጣ በፍጹም አይነጠፍም። ዋጋው ከአዝመራ በኋላ ዝቅ ስለሚል ያን ጊዜ ገዝቶ በደረቅ ስፍራ ማከማቸት ይጠቅማል።

ሰጋቱራ፦ ደቃቅ ስለ ሆነ ጫጩቶች እንደ መኖ ይለቅሙታል፤ አቧራውም ይጎዳል። ለትናንሽ ጫጩቶች አንጠቀምበት።

የቡና ገለፈት፦ በቡና አብቃይ አካባቢዎች ርካሽ ነው። ሆኖም ካፌይን ስላለበትና በቀላሉ ስለሚሻግት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይመረጥም።

ጋዜጣ፦ ልስልስ ወረቀት ብቻውን ሲነጠፍ እግራቸው እየተንሸራተተ ይጎብጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ግን መኖን ከጉዝጓዝ መለየት እስኪለምዱ ድረስ ሸካራ ወረቀት ከጉዝጓዙ በላይ አንጥፎ ጥቂት መኖ መበተን ይረዳል።

መጠኑና አያያዙ

ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 10 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር ለማንጠፍ ግማሽ ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ይህም በግምት 4 የኩንታል ጆንያ ነው። ለሚቀየረው መጠባበቂያ ሌላ ያህሉን መያዝ ይገባል።

የእርጥበቱን መጠን ለማወቅ በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጦ መልቀቅ ነው። እጅን ከከፈቱ በኋላ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ቀስ ብሎ ከፈረሰ ደኅና ነው፤ አቧራው ከቦነነ ከመጠን በላይ ደርቋል። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ወዲያው አውጥቶ በደረቅ መተካት፣ የቀረውንም ማገላበጥ ያስፈልጋል። ስንገባ ሽታው ዓይናችንን ከቆጠቆጠን፣ ለመሬት ቅርብ የሆኑት ጫጩቶች ከእኛ ይልቅ እየተጎዱ ነውና ነፋስ ሳይመታቸው አየር እንዲገባ እናድርግ።

ያገለገለው ጉዝጓዝ አይጣልም። ተቆልሎ በርጥበት ተብላልቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ችግኝና ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱ ግን የተክልን ሥር ያቃጥላል። በሽታ ያለበት ቤት ጉዝጓዝ ለሌላ ጫጩት ቤት ፈጽሞ አይተላለፍ፤ የነካ ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶች፤ የዶሮ እርባታ ዕቅድ ለፊርማ ሲቀርብላችሁ «የጉዝጓዙ ገንዘብ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ጥያቄ በዚያ አጥቢያ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ እነዚያ ወጣቶች ዛሬ ብድራቸውን ከእንቁላል ሽያጭ ይከፍሉ ነበር።