ተጨማሪ መረጃ፦ ዛፍ አቅፈው የሞቱ የራጃስታን ገበሬዎች

በዚህ ምዕራፍ የደን ጭፍጨፋ የሚያስከትለውን ጉዳት ተምራችኋል። እምነት ደንን እንዴት እንደሚጠብቅ ደግሞ ከሕንድ ታሪክ ተመልከቱ።

ቢሽኖይ በምዕራብ ሕንድ፣ በራጃስታን በረሃማ አካባቢ በብዛት የሚኖር የሂንዱ እምነት ማኅበረሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1485 ማኅበረሰቡን የመሠረተው ጉሩ (መንፈሳዊ መምህር) ጃምቤሽዋር ለተከታዮቹ 29 ደንቦች ሰጥቷል። እርጥብ ዛፍ አለመቁረጥና ለእንስሳት መራራት ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። ቢሽኖዮች ማገዶ ላለማባከን ሲሉ ከብዙዎቹ ሂንዱዎች በተለየ ሙታናቸውን አያቃጥሉም፤ ይቀብራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1730 የጆድፑር ንጉሥ ለቤተ መንግሥት ግንባታ ኖራ የሚቃጠልበት እንጨት ፈልጎ ሰዎቹን ቢሽኖዮች ወደሚኖሩበት ኬጃርሊ መንደር ላከ። አምሪታ ዴቪ የተባለች እናት ከሦስት ሴቶች ልጆቿ ጋር ዛፎቹን አቅፋ በመጥረቢያ ተገደለች። የመንደሩና የአካባቢው ሰዎችም ተከተሏት፤ በድምሩ 363 ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል። ንጉሡ ይህን ሲሰማ በቢሽኖይ መንደሮች ዛፍ መቁረጥና አደን ከለከለ።

የሞቱለት ዛፍ ኬጅሪ ይባላል። የግራር ዘመድ ሲሆን ሥሩ ወደ ጥልቅ ምድር ወርዶ ውሃ ያገኛል። ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ፍሬው ለሰው ምግብ ይሆናል፤ አፈሩንም በናይትሮጅን ያዳብራል።

ተግባር፦ በአካባቢያችሁ በእምነት ወይም በባህል ምክንያት የማይቆረጥ ዛፍ ወይም ደን አለ? የዛፎቹን ዓይነት መዝግቡ፤ ለምን እንደተጠበቁ አረጋውያንን ጠይቁና ለክፍል ጓደኞቻችሁ አቅርቡ።