እንሰት፣ ቡናና የሰው ልጅ፦ ሁለቱ የሕዋስ ክፍፍል መንገዶች

በቦንጋና በአካባቢዋ የሚኖር የካፋ አርሶ አደር በጓሮው የሚገኙትን ሁለት ታላላቅ ተክሎች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ያራባል። እንሰትን ለማራባት ዘር አይሻም። ገና ያልጎለመሰውን እንሰት ቆርጦ፣ የአሚቾውን እምብርት አውጥቶ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በአሚቾው ዙሪያ በርካታ ችግኞች ይበቅላሉ። ቡናን ግን ከፍሬው ያፈላል፤ ወይም በጫካው ውስጥ ከዛፍ ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ ይተክላል። የእንሰቱ ችግኞች በዘር ቅንብራቸው ከእናታቸው አይለዩም፤ ከጫካ ቡና ፍሬ የሚበቅሉት ችግኞች ግን ከእናታቸውም ሆነ እርስ በርሳቸው ሊለያዩ ይችላሉ። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሳይንስ ማይቶሲስና ሚዮሲስ ብሎ በሚጠራቸው ሁለት የሕዋስ ክፍፍል ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል። በሰው አካል ውስጥ የሚካሄዱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ማይቶሲስ አንድ ሕዋስ ራሱን የሚመስሉ ሁለት ሕዋሳትን የሚያስገኝበት ክፍፍል ነው። ስያሜውን የሰጠው ቫልተር ፍሌሚንግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሲሆን፣ ሂደቱን በዝርዝር የገለጸበትን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር። ሕዋሱ ከመከፈሉ አስቀድሞ በአስኳሉ ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. በእጥፍ ያባዛል፤ በዚህም እያንዳንዱ ክሮሞዞም በአንድ ቦታ የተያያዙ ሁለት መንትያ ዘንጎች ይኖሩታል። ክፍፍሉ ሲጀመር ክሮሞዞሞቹ ተጠቅልለው ያጥራሉ፣ ይወፍራሉም፤ የአስኳሉ ሽፋንም ይፈርሳል። ይህ ደረጃ ፕሮፌዝ ይባላል። ቀጥሎ በሜታፌዝ ሁሉም በሕዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ። በአናፌዝ ከሁለቱ ዋልታዎች የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች መንትዮቹን ለያይተው ወደየአቅጣጫቸው ይስባሉ። በመጨረሻም በቴሎፌዝ ሁለት አዳዲስ አስኳሎች ይፈጠራሉ፤ የእንስሳ ሕዋስ ከወገቡ ተሸብቦ ለሁለት ሲከፈል፣ የተክል ሕዋስ በመካከሉ አዲስ ግድግዳ ይሠራል።

እንሰት በእያንዳንዱ የአካል ሕዋሱ ውስጥ 18 ክሮሞዞሞች አሉት። ከተቀበረው አሚቾ የሚበቅሉት ችግኞች የሚገኙት በማይቶሲስ ብቻ በመሆኑ እነዚያኑ 18 ክሮሞዞሞች ሳይቀነሱና ሳይቀየጡ ይወርሳሉ። አርሶ አደሩ ጥሩ ቆጮ የሚሰጠውን ዓይነት ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ጉዳትም አለው፤ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ በዘር ቅንብር አንድ የሆኑትን ሁሉ ሊያጠቃ ይችላልና። ብልህ አርሶ አደሮች በአንድ ጓሮ የተለያዩ የእንሰት ዓይነቶችን መትከላቸው ከዚህ አደጋ መከላከያ ነው።

ሚዮሲስ በአንጻሩ የሚካሄደው የመራቢያ ሕዋሳት በሚዘጋጁበት ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዲ.ኤን.ኤ. አንድ ጊዜ ብቻ ይባዛል፤ ክፍፍሉ ግን ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከአባትና ከእናት የመጡት ተመሳሳይ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፣ ከአካላቸውም ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያም ይለያያሉ። በሁለተኛው ክፍፍል መንትያ ዘንጎቹ ይለያያሉ። ውጤቱም የክሮሞዞም ቁጥራቸው በግማሽ የቀነሰ አራት ሕዋሳት ናቸው። ቁጥሩ በግማሽ ባይቀንስ ኖሮ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ በሄደ ነበር።

የካፋ ጫካ ቡና ለዚህ ልዩ ምሳሌ ነው። አብዛኞቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞዞሞች ሲኖሯቸው፣ አረቢካ ግን 44 አለው። ይህም የሆነው ከብዙ ዘመናት በፊት ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ክሮሞዞሞች በአንድ ተክል ውስጥ በመከማቸታቸው ነው። አረቢካ በሚዮሲስ ጊዜ 44ቱን በ22 ጥንዶች አቀናጅቶ ለእያንዳንዱ የመራቢያ ሕዋስ 22 ያከፋፍላል። አረቢካን 22 ክሮሞዞሞች ካሉት ሮቡስታ ጋር ያዳቀለ ሰው ግን 33 ክሮሞዞሞች ያሉት ተክል ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ተክል ክሮሞዞሞቹን አጣምሮ በትክክል ማከፋፈል ስለሚያቅተው በአብዛኛው ፍሬ አልባ ይሆናል። የክሮሞዞም ጥንድ መሙላት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አረቢካ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚራባ ቢሆንም፣ በጫካው ውስጥ ለረጅም ዘመን የተካሄደው ሚዮሲስና አልፎ አልፎ የሚደረገው መዳቀል ብዙ ልዩነት አከማችቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች መድኃኒት የፈለጉት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚገኙ ቡናዎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው በጅማ የምርምር ማዕከል አማካይነት ለአርሶ አደሩ አሰራጭተዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህን የመሰለ ሀብት በውስጡ ስለያዘ ነው።

በሰው አካል ውስጥ ቁጥሩ 46 ነው። ይህ ቁጥር በትክክል የታወቀው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። ቁስል የሚድነው፣ ቆዳ የሚታደሰው፣ መቅኒም በየሰከንዱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያመርተው በማይቶሲስ ነው። ይህ ክፍፍል ተቆጣጣሪውን ሲያጣ ካንሰር ይከሰታል። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሠራው በአናፌዝ ክሮሞዞሞችን የሚስቡት ክሮች እንዳይሠሩ በማገድ ነው። በርካታ የካንሰር መድኃኒቶች ፀጉርን የሚያረግፉትና ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚቀንሱትም በፍጥነት የሚከፈሉ ጤነኛ ሕዋሳትን ጭምር ስለሚጎዱ ነው።

በሚዮሲስ 46ቱ ክሮሞዞሞች ወደ 23 ይወርዳሉ። ጥንዶቹ የሚለያዩበት መንገድ ብቻውን፣ የቁራጭ ልውውጡ ሳይቆጠር፣ ከአንድ ሰው ከ8 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ የመራቢያ ሕዋሳት እንዲገኙ ያስችላል። የአንድ ቤት ልጆች የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። በሴቶች ዘንድ ግን ሂደቱ የተለየ ጠባይ አለው። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች የእንቁላሎቿ ሚዮሲስ ይጀመርና በመካከል ይቆማል፤ የሚቀጥለውም ከዓመታት በኋላ እንቁላሉ ለመውጣት ሲዘጋጅ ነው። በ40 ዓመቷ የምትፀንስ ሴት እንቁላል፣ ክሮሞዞሞቹን እንደያዘ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ጥንዶቹን የሚያያይዘው ማሰሪያ ስለሚላላ፣ ክሮሞዞሞች በትክክል ሳይለያዩ የሚቀሩበት አጋጣሚ ይጨምራል።

ከዚህ ስሕተት ከሚመጡት መካከል ዳውን ሲንድሮም ይበልጥ ይታወቃል። ምክንያቱ 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1959 በፓሪስ ማርት ጎቲዬ፣ ዤሮም ለዠንና ሬይሞን ቱርፓን ባሳተሙት ጥናት ተገልጿል። እናቲቱ በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ስትሆን አጋጣሚው ከ1,500 ወሊዶች ወደ አንድ ሲጠጋ፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ከ100 አንድ ያህል ይደርሳል። በሌላም በኩል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ የሚሆኑት የክሮሞዞም ቁጥር ጉድለት ወይም ትርፍ ይታይባቸዋል።

ይህን ማወቅ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው። ፅንስ የወረደባት እናት እንሥራ በመሸከሟ፣ ደንግጣ በመውደቋ ወይም በእርግማን ምክንያት እንደሆነ ሲነገራት ይሰማል፤ በዳውን ሲንድሮም የተወለደ ልጅም እንደ ቅጣት ተቆጥሮ ከሰው ዓይን የሚደበቅበት ጊዜ አለ። የክሮሞዞሞቹ አለመለያየት ግን የሚፈጠረው በአብዛኛው ከፅንሱ በፊት፣ እናትም አባትም ሊያዩትና ሊከላከሉት በማይችሉት ስፍራ ነው። ባለሙያው ይህን በቀላል ቋንቋ፣ ባልና አማቶች ባሉበት ቢያስረዳ፣ ከእናቲቱ ትከሻ ያልተገባ ሸክም ያወርዳል፤ ልጁም የልብ ምርመራ፣ ክትባትና ትምህርት ሳይነፈገው እንዲያድግ መንገድ ይከፍታል። ፅንስ በተደጋጋሚ ለሚወርድባት እናት ደግሞ ሌሎች ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች እንዳሉ ሳይዘነጋ፣ ለተጨማሪ ምርመራ መላክ ይገባል።