ውርጩ የት ገባ? ከከፍተኛ ደረጃ የፕሮግራም ቋንቋ ሃርድዌርን በቀጥታ ስለማንበብ

(ይህ ጽሑፍ በደባርቅ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ ነው።)



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳባትና በደባርቅ መካከል በሚገኝ አንድ ማሳ ዳር የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ተክዬ ነበር። ዓላማዬ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሰማይ በሚጠራባቸው ሌሊቶች ውርጭ መቼ እንደሚወርድና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በቁጥር ማወቅ ነበር። ባቄላ አበባ በያዘበት ጊዜ አንድ የውርጭ ሌሊት የዓመት ድካም ሊያጠፋ እንደሚችል በሰሜን ተራሮች ግርጌ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ማለዳ የማሳው ባለቤት የጠቆረ የባቄላ ቅጠል ይዘው መጡና፣ «መምህር፣ ሌሊቱን ውርጭ መትቶናል፤ መሣሪያው ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መዝገቡን ከፍቼ ተመለከትሁ። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 0.0625 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። «አባቴ፣ ከዜሮ በታች አልወረደም» አልኋቸው። ቅጠሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ትክክለኛው ቅጠሉ ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ሰንጠረዥ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሴንሰሩም አልዋሸም። ስሕተቱ የተፈጠረው በሃርድዌሩና በፕሮግራም ቋንቋው መካከል፣ እኔ ራሴ በጻፍሁት አንድ መስመር ላይ ነው። ስለዚያ መስመር ለመናገር ግን አስቀድሞ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ መመለስ ይገባል፤ በከፍተኛ ደረጃ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከሃርድዌር ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?

ወደ ማሽኑ የሚያስገቡ በሮች

ከፕሮሰሰር ጋር የተያያዘ መሣሪያ ሁሉ ራሱን የሚያሳውቀው ሬጅስተር በሚባሉ ጥቂት የቢት ማስቀመጫዎች አማካይነት ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ እነዚህ ሬጅስተሮች እንደ ማኅደረ ትውስታ ሁሉ የአድራሻ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በዚያ አድራሻ ላይ አንድ ቁጥር ሲጻፍ አምፖል ሊበራ፣ ሞተር ሊዞር ወይም የስክሪን ቀለም ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ አድራሻን በቁጥር ለመጥራት የሚፈቅድ ቋንቋ ሁሉ፣ ምንም ከፍተኛ ደረጃ ቢባል፣ ሃርድዌሩን በቀጥታ መንካት ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቤዚክ የሚማር ልጅ «ፖክ» በሚለው ትእዛዝ በአድራሻ 53280 ላይ ዜሮ ሲጽፍ የስክሪኑ ጠርዝ ወዲያውኑ ጥቁር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ተርቦ ፓስካልም «ሜም» እና «ፖርት» የተባሉ ሁለት ልዩ ድርድሮች ነበሩት፤ አንዱ የማኅደረ ትውስታን አድራሻ፣ ሌላው የመሣሪያ መግቢያ መውጫ ቁጥሮችን እንደ ተራ ተለዋዋጭ ለማንበብና ለመጻፍ ያስችላል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ፖይንተር ነው። ዴኒስ ሪቺ ሲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ከዩኒክስ ጋር ጎን ለጎን ነው፤ በ1973 የዩኒክስ ከርነል ራሱ በሲ እንደገና ተጽፏል። ስርዓተ ክወና ከአሴምብሊ ውጭ ሊጻፍ እንደሚችል በሰፊው ያሳየው ይህ ሥራ ነው።

ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይህ በር ተዘግቷል። ተራ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን አድራሻ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል፤ ከርነሉም ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። ወደ መሣሪያው የሚደረሰው በከርነሉ በኩል፣ ብዙ ጊዜም እንደ ፋይል በተከፈተ መንገድ ነው። አርዱዊኖን በመሰሉ ትንንሽ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በር የሚጠብቅ ከርነል የለም፤ ፕሮግራሙና ሃርድዌሩ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ፊደላችንና የስክሪኑ ማኅደር

«ለምን በቀጥታ እንነካዋለን? ስርዓተ ክወናው ይሥራልን» የሚል ይኖራል። መልሱን ከራሳችን ታሪክ ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል በግል ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ከጣሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ዶክተር አበራ ሞላና የተራራችንን ስም የያዘውን ዳሸን ኢንጂነሪንግን የመሠረቱት አቶ ፍስሐ አጥላው ይገኙበታል። በዚያ ዘመን በነበረው የአይቢኤም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ የቀለም ስክሪኑ የጽሑፍ ማኅደር የሚጀምረው ከ753,664ኛው የአድራሻ ቁጥር ነው። 80 ዓምድና 25 መስመር፣ በድምሩ 2,000 ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ባይት ይይዛል፤ አንዱ ለፊደሉ፣ ሌላው ለቀለሙ።

አንድ ባይት ከ256 በላይ ልዩ ልዩ ምልክቶችን መለየት አይችልም። የእኛ ፊደላት ከነዲቃላዎቻቸው፣ ከነቁጥሮቻቸውና ከነሥርዓተ ነጥባቸው ከዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፕሮግራም አዘጋጅ ወይ በኋላ የመጡት የስክሪን ካርዶች የሚፈቅዱትን ሁለት የፊደል ሠንጠረዥ ተጠቅሞ እስከ 512 ምልክት መጫን፣ ወይም የጽሑፉን ዘዴ ትቶ እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ መሣል ነበረበት። ስርዓተ ክወናው አማርኛ አያውቅም ነበርና ወደ ሃርድዌሩ መውረድ ግዴታ ነበር።

ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነበር። እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ሲመዘግብ ትርጉሙ ከማሽኑ ተላቆ የጋራ ሆነ። ልብ በሉ፤ በስክሪኑ ማኅደር ውስጥ የነበረው ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር «ሀ» ይሁን «ለ» የሚወስነው ሰው ነበር።

ከዜሮ በታች ያሉት ቢቶች

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። የተጠቀምሁበት ሴንሰር ዲኤስ18ቢ20 ይባላል። ሙቀቱን በሁለት ባይት ይልካል፤ የመጀመሪያው ዝቅተኛው፣ ሁለተኛው ከፍተኛው ነው። ሁለቱ ተጣምረው 16 ቢት ይሆናሉ፤ ውጤቱ ለ16 ሲካፈል ዲግሪ ሴልሺየስ ይገኛል። ስለዚህ ከዜሮ በላይ ያለው ትንሹ ቁጥር አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም 0.0625 ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

ሙቀቱ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ሲሆን ሴንሰሩ 248 እና 255 የተባሉ ባይቶችን ይልካል። 255 በ256 ተባዝቶ 248 ሲደመርበት 65,528 ይሆናል። በሃርድዌሩ ስምምነት መሠረት ግን ከፍተኛው ቢት አንድ ከሆነ ቁጥሩ አሉታዊ ነው፤ 65,536 ይቀነስበታል፤ ከዜሮ በታች ስምንት ይቀራል፤ ለ16 ሲካፈል −0.5 ይሆናል። ይህን ቅነሳ የረሳ ፕሮግራም 65,528ን ለ16 አካፍሎ 4,095.5 ዲግሪ ያገኛል።

የእኔ ፕሮግራም ይህን ቅነሳ አልያዘም ነበር፤ ሆኖም በመጀመሪያው መሣሪያ ላይ በትክክል ይሠራ ነበር። ምክንያቱ አርዱዊኖ ኡኖ ላይ «ኢንት» የተባለው የቁጥር ዓይነት 16 ቢት ብቻ መሆኑ ነው። 255 እና 248 እዚያ ውስጥ ሲገቡ ከፍተኛው ቢት ያለ እኔ እርዳታ የምልክት ቢት ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ፕሮግራም ወደ ኢኤስፒ32 አዛወርሁት። እዚህ «ኢንት» 32 ቢት ነው። ያው ሁለት ባይት ገባ፤ የምልክቱ ቢት ግን አሁን በመካከል ያለ ተራ ቢት ሆነ። ቋንቋው አልተለወጠም፣ ፕሮግራሙም አንድ ፊደል አልተለወጠበትም፤ የተለወጠው ከበታች ያለው ማሽን ነው።

4,095.5 የሚል ቁጥር ባይ ኖሮ ወዲያው በነቃሁ ነበር። ነገር ግን ጥንቃቄ ነው ብዬ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነውን ንባብ ሁሉ የሚጥል ማጣሪያ አስገብቼ ነበር። ይህ ሴንሰር ኃይል ሲያገኝ፣ የመጀመሪያውን ልኬት ሳይጨርስ ከተነበበ፣ 85 ዲግሪ ይላል፤ ልኬቱም በ12 ቢት ጥራት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ማጣሪያው የተሠራው ለዚህ 85 ነበር። እርሱ ግን ውርጩንም አብሮ ጣለው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ድረስ በመዝገቡ ላይ የነበረውን ባዶ ቦታ የባትሪ መድከም ነው ብዬ አለፍሁት። እንዲህ ሆኖ ውርጭ የወረደባቸው ሰዓታት ሁሉ ተሰርዘው፣ የቀረው መዝገብ ውርጭ የሌለበት ንጹሕ መዝገብ ሆነ። ጥሬዎቹን ባይቶች ስላላስቀመጥሁም የዚያን ወቅት ልኬት መልሶ ማግኘት አልተቻለም።

ኮምፓይለሩም ይገምታል

አንድ ሌላ ወጥመድ ልጨምር። ፕሮግራማችሁ አንድ የሁኔታ ሬጅስተር «ዝግጁ» እስኪል ድረስ ደጋግሞ ያነባል እንበል። ኮምፓይለሩ በዚያ ዙር ውስጥ ወደ አድራሻው የሚጽፍ ትእዛዝ አያይም፤ ስለዚህ ዋጋው አይለወጥም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነበውና ፕሮግራሙን ለዘላለም ሊያስጠብቀው ይችላል። ስለ ማኅደረ ትውስታ ያሰበው ትክክል ነው፤ አድራሻው ግን የመሣሪያ ነው፤ መሣሪያው በራሱ ጊዜ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሲ ደረጃ «ቮላታይል» የሚለውን ቃል የያዘው ለዚህ ነው፤ ለኮምፓይለሩ «በጠራሁት ቁጥር በእውነት አንብበው» ይለዋል።

ማጠቃለያ

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሾፌር መንገዱን አይፈራም፤ ፍሬኑን ግን ከመውረዱ በፊት ይፈትሻል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በሊኑክስ ላይ የዚህ ሴንሰር ድራይቨር ያንኑ ግማሽ ዲግሪ ውርጭ «−500» ብሎ፣ በሺሕኛ ዲግሪ፣ ምልክቱን ጠብቆ ይሰጣል፤ የመጣው መረጃ በመንገድ አለመበላሸቱንም አብሮ ይናገራል። ከድራይቨሩ ሥር ስንወርድ ይህ ሁሉ ሥራ የእኛ ይሆናል። ሃርድዌሩ የሚሰጠን ቢት ነው፤ የቢቱን ምልክት፣ ቅደም ተከተል፣ ስፋትና የሚነበብበትን ጊዜ የመወሰን ኃላፊነት የሚወድቀው በጸሐፊው ላይ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የቁጥሩን ስፋት በግልጽ ጻፉ፤ «ኢንት» ብላችሁ ለማሽኑ አትተዉት። ጥሬውን ባይት ከተተረጎመው ቁጥር ጋር አስቀምጡ፤ የተጣለውንም ንባብ ከነምክንያቱ መዝግቡ። መሣሪያችሁንም ወደ ማሳ ከመውሰዳችሁ በፊት ከዜሮ በታች ፈትኑት። ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያሻም፤ የተፈጨ በረዶና የወጥ ቤት ጨው አንድ ላይ ሲደባለቁ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። እኔ ይህን ሙከራ የሠራሁት ስሕተቱን ካገኘሁ በኋላ ነው፤ የፈጀብኝም ሩብ ሰዓት ነበር።

በመጨረሻ ወደ ባለማሳው ሄጄ የሆነውን ነገርኋቸው። «ታዲያ ዘንድሮ ያያል?» አሉኝ። አዎን፣ ያያል አልኋቸው።