12ኛው መስመር ምን አጠፋ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሮክቪል የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ቀን ሥራ ውላ ማታ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። የፓይተን ፕሮግራም የቤት ሥራዋን እስከ እኩለ ሌሊት መላክ ነበረባት።

«አጎቴ፣ ኮምፒዩተሩ ይዋሻል! 12ኛው መስመር ተሳስቷል ይለኛል። አምስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት፤ ምንም የለበትም። እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም መሰለኝ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ሄድኩ።

12ኛው መስመር እውነትም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው 11ኛው ላይ ነበር፤ የተከፈተ ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓይተን ተርጓሚ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች ቃል በቃል እየለቀመ ያነባል፤ እያንዳንዱ ቃል የትኛው መስመር ላይ፣ ስንተኛው ቦታ ላይ እንዳለም ይመዘግባል። ቅንፍ ተከፍቶ መስመሩ ቢያልቅ «ሐሳቡ ገና ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ እኛ በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ እንደምንጠብቀው ማለት ነው። ከዚያ ፈጽሞ ሊከተል የማይችል ቃል ሲገጥመው ይቆምና ቀስቱን እዚያው ይተክላል። ስለዚህ ቀስቱ የሚያሳየው እሱ የነቃበትን ቦታ ነው፤ እኛ የተሳሳትነው እዚያው ወይም ከዚያ በፊት ነው። ላፕቶፗ ላይ የነበረው አሮጌው 3.8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3.10 ግን «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብሎ መክፈቻውን ራሱን ያሳያል። አዲሱን ጫንኩላት።

ቅንፉን ዘግታ ስትሞክር 19ኛው መስመር ላይ ሌላ ስህተት መጣ። አሁን ቀስቱ ያረፈው ሁለት ነጥብ ላይ ነው።

«ሁለት ነጥብ ግዴታ ነው ተብሎ የለም እንዴ? ይኸው አለ!»

ፓይተን ከ2008ቱ 3.0 ጀምሮ ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ «ዋጋ»፣ «ቅናሽ» እያለች ነበር የጻፈችው። ታዲያ ኪቦርዱን ሳትመልስ የእኛን ሁለት ነጥብ አስገብታለች። ከእንግሊዝኛው ጋር ለዓይን አንድ ናቸው፤ እኛም የምንጠራቸው በአንድ ስም ነው። ለማሽኑ ግን ጨርሶ አይገናኙም፤ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የእኛው 1361 የሚል የራሱን መለያ ይዞ ነው የገባው። የስህተቱ መልእክትም ይህንኑ ቁጥር ጽፎት ነበር። የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

«ስሞቹን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ልቀይራቸው?» አለችኝ።

«አይ፣ ነጥቡን ብቻ ቀይሪ።»

ለእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ሲቀረው ላከችው።