ዋይልድን ማንም አልቀባውም

በደብሊን ሜሪዮን ስኩዌር መናፈሻ ጥግ ላይ ጸሐፌ ተውኔቱ ኦስካር ዋይልድ ትልቅ ነጭ ቋጥኝ ላይ ጋደም ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ልጅነቱን ያሳለፈበት ነው። ሐውልቱን የሠራው ዳኒ ኦስቦርን ሲሆን፣ የተመረቀው በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልግባ። አረንጓዴ ኮቱንና ሮዝ ኮሌታውን አይቶ «ቀለም ቀብተውታል» የሚል ጎብኚ ብዙ ነው። አጠገቡ ቆሜ ይህንኑ ስሰማ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች አስቁሜ አስረድቻለሁ። የኮቱም የኮሌታውም ቀለም የድንጋዩ የተፈጥሮ መልክ ነው!

ኮቱ ከካናዳ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጣ ኔፍራይት ጄድ ነው። የዚህ ድንጋይ ውስጡ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ረቂቅ ክር ስለሆነ በመዶሻ በቀላሉ አይበገርም፤ በአልማዝ መሣሪያ እየተቆረጠና እየተሞረደ ነው ቅርጽ የሚይዘው። እንዲህ ካለ እልኸኛ ድንጋይ የኮት እጥፋት ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ የኖርዌይ ቱላይት ነው፤ ሮዝ ያደረገው በውስጡ ያለው ማንጋኒዝ ነው። ሱሪው ሰማያዊ ብልጭታ ያለው፣ እሱም የኖርዌይ ድንጋይ ነው። ጫማው ጥቁር የህንድ ግራናይት፣ የጫማው ክር ደግሞ ነሐስ። ቋጥኙ ከዊክሎው ተራሮች የመጣ 35 ቶን ኳርትዝ ነው። ዋይልድ ለአለባበሱ እጅግ የሚጠነቀቅ ሰው ነበርና፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ነሐስ ቢቀርጹት ኖሮ ግማሹ ሰውነቱ በቀረ ነበር።

የሐውልቱ ራስ መጀመሪያ ከፖርሴሊን ነበር የተሠራው፤ እየተሰነጣጠቀ ስላስቸገረ በ2010 ከጓቲማላ በመጣ ነጭ ጄዳይት ተተካ። ፊቱን ከአንድ ወገን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ በአንዱ በኩል ፈገግ ይላል፣ በሌላው በኩል አዝኗል። በ1895 ተውኔቶቹ የለንደንን ተመልካች እያሳቁ ሳሉ እስር ቤት ለወረደ ሰው ሁለቱም ፊት የራሱ ነው።

እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ ቋጥኙ ላይ አትውጡ። ይልቅ ዘወር ብላችሁ ፊት ለፊቱ የቆሙትን ሁለት ምሰሶዎች እዩ፤ ብዙው ሰው ሳያያቸው ነው የሚሄደው። አንዱ ላይ የግሪኮች የወይንና የቴአትር አምላክ ዳዮኒሰስ፣ ሌላው ላይ ነፍሰ ጡሯ የዋይልድ ሚስት ኮንስታንስ በነሐስ ተቀርጸዋል። የዋይልድ አባባሎችም ምሰሶዎቹ ላይ ተጽፈዋል፤ ጊዜ ወስዳችሁ ዙሪያቸውን እየዞራችሁ አንብቧቸው።