ለተቆፈረ መሬት አውድማ ይመስክር

ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ በኢስት ሪቨር ሮድ የሚጓዝ መንገደኛ ፍሪድሊ ሲደርስ፣ በስተቀኙ ቁመታቸው ዝቅ ያለ፣ ርዝመታቸው ግን ዓይን የሚያደክም የዕቃ ማከማቻ ሕንፃዎች ተደርድረው ያያል። ይህ ስፍራ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር ሁሉም በዚያው ናቸው) በ1940 እና በ1941 ኖርዘርን ፓምፕ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ መድፍ ሊሠራበት ፋብሪካ ያቆመበት ነው። ብረቱን ከቅባት ለማጥራት የሚያገለግለው ትራይክሎሮኢቲሊን የተባለ ኬሚካል ወደ ምድር እየሰረገ ኖሮ በ1981 ከርሠ ምድሩ ውስጥ ካለው ውሃ ተገኘ፤ የሚኒያፖሊስ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከወንዙ የሚቀዳበት ስፍራም ከዚያ ቁልቁል አንድ ማይል አይሞላም። በ1983 ፋብሪካውን በኋላ ከተረከበው ከኤፍ ኤም ሲ ኩባንያ ይዞታ 38 ሺህ ኪዩቢክ ያርድ ያህል የተበከለ ዐፈር ተቆፍሮ በልዩ ማኖሪያ ተከተተ፤ ውሃውን እየሳቡ ማጥራቱም ዐሥርተ ዓመታትን ፈጀ። ከ2014 ወዲህ ደግሞ እነዚያ ረዣዥም ሕንፃዎች ተተከሉበት፤ ሥራ ፈላጊውም ቀረጥ ሰብሳቢውም ደስ አላቸው።

መሬት ዳነ ለማለት መስፈሪያ ያሻል፤ በፍሪድሊ መስፈሪያው የመርዝ ልክ፣ ይኸውም የመጠጥ ውሃ ሕግ በአንድ ሊትር የሚፈቅደው 5 ማይክሮግራም ነው። ወደ ምዕራብ ጥቂት ተጉዞ ሜፕል ግሮቭ የደረሰ ሰው ግን ሌላ መስፈሪያ ያገኛል። በዚያ የጥንቱ በረዶ ጋራ ሲቀልጥ ትቶት የሄደው ጠጠር ለዘመናት ለመንገድና ለሕንፃ ሲወጣ ኖሮ፣ ጉድጓዱ ሐይቅ፣ ዳርቻው የገበያ አዳራሽ ሆነ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አርበር ሌክስ የሚባለው ሰፈር ልጆቹን ይዞ ልብስ ሊገዛ የሚሄድ ሐበሻ ከጠጠር ማውጫ ላይ መቆሙን ላያስበው ይችላል። በዚህ መስፈሪያ መሬቱ የዳነው ዋጋው ስለ ጨመረ ነው። እህል ያበቅል ነበርን? ዳግመኛስ ያበቅላልን? ብሎ የጠየቀ የለም፤ በሚኒሶታ የብረት ማዕድን ከ1969 ጀምሮ የራሱ የማገገሚያ ሕግ ሲኖረው፣ የጠጠሩ ጉዳይ በአመዛኙ ለየከተማውና ለየአውራጃው ፈቃድ ሰጪ የተተወ ነውና።

ጥያቄው በሕግ የተጠየቀው በድንጋይ ከሰል አገር ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር ነሐሴ 3 ቀን 1977 የፈረሙት የገጸ ምድር ማዕድን ሕግ፣ ምርጥ ተብሎ የተመዘገበና ሲታረስ የኖረ መሬት ከመቆፈሩ አስቀድሞ የላይኛው ጥቁር ዐፈር ለብቻ፣ ከሥሩ ያለው ለብቻ ተነሥቶ እንዲከመር፣ ከሰሉም ከወጣ በኋላ በየተራው እንዲመለስ፣ ሥር የሚሰድበትም ጥልቀት በደንቡ መሠረት 48 ኢንች፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል እንዲሆን አዘዘ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ ኩባንያው ዋስ አድርጎ ያስያዘው ገንዘብ የሚለቀቅለት፣ የተመለሰው ዐፈር ቢያንስ የሦስት ዓመት አዝመራ ተሰብስቦበት፣ ምርቱ በአካባቢው ካልተቆፈረው ተመሳሳይ መሬት ምርት ጋር ሲመዛዘን ሳያንስ የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው። መርማሪ ቢመጣ፣ መሐንዲስ ቢፈርም፣ ሣር ቢለመልም አይበቃም፤ አውድማው ራሱ ይመሰክራል።

የኢንዲያና ግዛትና የከሰል ባለቤቶች ይህን በመቃወም ተሟገቱ፤ ከነገራቸውም አንዱ በየዓመቱ በከሰል ቁፋሮ የሚነካው ምርጥ መሬት ከአገሪቱ ምርጥ መሬት 0.006 ከመቶ ብቻ ነው የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ ወር 1981 ክርክሩን ሳይቀበል ሕጉን አጸና። እኔም እንደዚያ እፈርድ ነበር፤ ለአገር ኢምንት የሆነው ክፍልፋይ ለባለማሳው ርስቱ በሙሉ ነውና።

ሕግ ማውጣት ግን ዐፈር መሥራት አይደለም። በደቡብ ኢሊኖይ፣ በፐሪ አውራጃ የከሰል ማውጫዎች የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዓመታት በፈጀ ምርምር እንደ ተረዱት፣ ዐፈሩ በቀለሙም በንጥረ ነገሩም እንደ ቀድሞው ሆኖ ሳለ በቆሎው ይከዳ ነበር። ምክንያቱ የመመለሻው አኳኋን ነው። በጎማ የሚሄዱት ግዙፍ የዐፈር መፋቂያ መኪናዎች እያንዳንዱን ንብብር ሲያነጥፉ ከላዩ እየተመላለሱ፣ በሬ እንደ ጠቀጠቀው አውድማ ያጠነክሩታል፤ በተፈጥሮ ዐፈር ውስጥ የትልና የቀድሞ ሥር መተላለፊያ የነበሩት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ የበቆሎውም ሥር ጥቂት ወርዶ ይቆማል። ዝናብ ሳይጓደል በዘለቀበት ዓመት ጉዳቱ ይሸሸጋል፤ በሐምሌ ፀሐይ ጠንቶ ዝናብ ሲዘገይ ግን ያልተቆፈረው ማሳ ቆሞ እያለ የተመለሰው ማሳ ቅጠሉ ይጠቀለላል። ስለዚህ ዐፈሩን በካሚዮን አምጥቶ ካሚዮኑ በተነጠፈው ላይ ሳይወጣ ማፍሰስ፣ ያም ባይሆን እስከ 1.2 ሜትር የሚዘልቅ የተለየ ማረሻ ማስገባት እንደሚበጅ ታወቀ። ከእህሎቹም እጅግ ፈታኙ በቆሎ ስለ ሆነ፣ ምስክርነቱ ከእርሱ እንዲሰማ ማድረግ ደግ ነው፤ ስንዴ ቶሎ ይታረቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢው ማገገሚያ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል፤ ምርትን መለኪያ አድርጎ ግን አልቆመም። ገንዘቡ ለጉድጓድ መሙያና ለችግኝ ተከላ ከዋለ፣ ባሕር ዛፉም ከበቀለ፣ ሥራው ተፈጸመ ሊባል ይችላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የድንጋይ ካባውና የገረገንቲው ማውጫ፣ በሰሜን ሸዋም በ2024 የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ የሚወጣው ጤፍና ስንዴ ከሚዘራበት ምድር አጠገብ ነው። የደጋው መረሬ ደግሞ ከኢሊኖይ ዐፈር ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ርጥብ ሳለ መኪና ከወጣበት ይላቆጣል፣ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ዐፈር የሚነሣውም የሚመለሰውም በበጋ እንጂ በክረምት እንዳይሆን በፈቃዱ ውል ቢጻፍ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ምርቱንም መመዝገብ የሚጀመረው ካባው ከመከፈቱ በፊት መሆን አለበት። አንድ ማሳ ከተቆፈረ በኋላ ስንት ኩንታል ይሰጥ እንደ ነበር ገበሬውና ባለካባው አይስማሙም፤ ባለካባው ያሳንሳል፣ ገበሬውም ያበዛል፣ ሽማግሌም መሐል ላይ ይቆርጣል። የግብርና ልማት ሠራተኛው ግን በሚቆፈረውና በማይቆፈረው ጎረቤት ማሳ ላይ ለሦስት መኸር ጤፉን መዝኖ በወረዳው መዝገብ ቢያሰፍር፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ የሚለውን ክርክር የሚዳኘው ያ መዝገብ ይሆናል። ለዚህም አዲስ አዋጅ እንኳ አያስፈልግም፤ በፈቃዱ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።